የጋሽ ደግአረገ ሻንጣ

ጠበቃ ዘንድ ሄዶ ነገሩን ጫፍ ጫፉን ብቻ እየነካካ የሚያወራ ሰው ሲገኝ፣ በወይራ ጫፍ ከተማ የሚተረትበት አንድ ተረት አለ። እንግዳ ሰው ሲሰማው ይስቅና ያልፋል። የአገሩ ሰው ግን ተረቱ እንዲሁ ከሜዳ እንዳልተነሣ ያውቃል። መነሻ የሆኑት ሰውዬ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ሲተረት ቢሰሙ ከመርፌያቸው ቀና ብለው ፈገግ ይላሉ እንጂ አይቀየሙም። ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው።

ጋሽ ደግአረገ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከመናኸሪያው ወደ ሚካኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንድ ክፍል ሱቃቸው፣ በእግር ከምትዘወር አሮጌ የስፌት መኪና ጋር አርባ ዓመት ኖረዋል። በወይራ ጫፍ እሳቸው የሰፉትን ሱፍ ሳይለብስ የተሞሸረ፣ እሳቸው የሰፉትን ዩኒፎርም ሳይለብስ የተማረ የለም ማለት ይቻላል። ስማቸውን ያስጠራው ግን ሙያቸው ብቻ አልነበረም። ልብስ ሰፊ ሁሉ የሚታማበትን ነገር እሳቸው አያውቁትም። ከደንበኛ ጨርቅ የተረፈውን፣ ጣት የምታክል ቁራጭ እንኳ ብትሆን፣ በላስቲክ ጠቅልለው ከልብሱ ጋር ይመልሳሉ። «ይቺ ደግሞ ለምን ትሆነኛለች?» ያለ ሰው ካለ «ለመጣፊያ» ብለው በእጁ ያስጨብጡታል። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከሱቃቸው ጀርባ ባለች ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ።

ከድንጋይ አጥሩ ወዲያ ደግሞ እትዬ የሺመቤት አሉ። እሳቸውም ባል የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው ሩቅ አገር የገቡላቸው፣ ምላሳቸው ፈጠን ያለ ልባቸው ግን የዋህ የሆኑ ሴት ናቸው። ሁለቱ ጎረቤታሞች ሃያ ሁለት ዓመት ክፉና ደጉን አብረው አይተዋል። በአጥሩ ላይ ድስት ሲሻገር፣ መድኃኒት ሲሻገር፣ ወሬ ሲሻገር ነው የኖረው። ሻምበል እስኪመጣ ድረስ ማለት ነው።

ሻምበል የእትዬ የሺመቤት አውራ ዶሮ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ ቀይ፣ ሲራመድ ሰልፈኛ የሚመራ የሚመስል ኩሩ ዶሮ ነበር። ማደሪያው ቆጥ ላይ ቢሠራለትም እሱ የመረጠው አጥሩን ነው፤ እሱም በትክክል ከጋሽ ደግአረገ የመኝታ ቤት መስኮት በላይ። እትዬ የሺመቤት «በአሥራ አንድ ሰዓት ለኪዳን ይቀሰቅሰኛል፤ ደቂቃ አያዛንፍም» ይላሉ። ጋሽ ደግአረገ ደግሞ «ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ጀምሮ ነው የሚጮኸው፤ ቁጭ ብዬ ቆጥሬዋለሁ» ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ሻምበል ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ይጮኻል፤ እትዬ የሺመቤት የሚነቁት ግን በአሥራ አንዱ ጩኸት ነው።

አንድ ቀን ጋሽ ደግአረገ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«የሺመቤት፣ ይህን ወታደርሽን እባክሽ ወደ ሰፈሩ መልሺው። እንቅልፍ አጥቼ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ እኮ!»

«እግዜር የሠራውን ሰዓት እኔ ላስተካክል እንዴ?»

«እንግዲያውስ አንድ ቀን አንገቱን ይዤ…»

«ትሞክራትና!» አሉ እትዬ የሺመቤት፤ መንገድ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ሰማ።

ከዚህ በኋላ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጋሽ ደግአረገ ከሱቃቸው ወደ ጓሮ ሲወጡ፣ ሻምበል ከአጥሩ ሥር፣ በእሳቸው ግቢ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ አገኙት። የሌላው እግሩ ቁርጭምጭሚት ተሰንጥቆ ይደማል። ድመት ይሁን ሽቦ አልታወቀም። ዶሮው ሊሸሽ ሞከረና አቃተው፤ ቁጭ አለ። ጋሽ ደግአረገ ከመስኮቱ ላይ አረቄያቸውን አንሥተው ቁስሉን አጠቡለት። ማሰሪያ ጨርቅ ሲፈልጉ ግን አጡ፤ በአርባ ዓመት የልብስ ሰፊነት ዘመናቸው የሰው ቁራጭ አስቀርተው አያውቁምና። ስለዚህ የራሳቸውን አሮጌ ሰማያዊ ሸሚዝ ጫፍ ቀደዱ። ዶሮው በመንቁሩ እንዳይፈታው ደግሞ ጫፉን በመርፌ ዙሪያውን ሰፉለት፤ ለሙሽራ እጀታ በሚጠቀሙባት በዚያችው ደቃቅ ስፌት።

ወዲያው ወደ አጥሩ ሄደው «የሺመቤት!» ብለው ተጣሩ። መልስ የለም። እትዬ የሺመቤት እህል ሊያስፈጩ ወፍጮ ቤት ሄደዋል፤ ወረፋውም እስከ ማታ አይለቃቸውም።

እዚህ ላይ ነው ጋሽ ደግአረገን ሰይጣን የመከራቸው። ሰይጣን ማለት እንኳ ይከብዳል፤ የመከራቸው እንቅልፍ ነው። «አሁን ቁስለኛ ነው። ለዛሬ እዚሁ ይደር። እኔም አንድ ሌሊት ልተኛ። ነገ ጠዋት እወስድላታለሁ» አሉ በልባቸው። አባታቸው አውራ ዶሮ አንገቱን ቀና ማድረግ ካልቻለ አይጮኽም ይሉ ነበርና፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ የክር ሣጥን ፈልገው፣ ጭድ አንጥፈው፣ ጥሬና ውኃ አስቀምጠው ሻምበልን አስገቡት። እውነትም አልጮኸም። ጋሽ ደግአረገ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሕፃን ተኙ።

ተኝተው ቀሩ። ጎህ ሲቀድ እትዬ የሺመቤት ኪዳን አምልጧቸው ተነሡ። ሻምበልን ቢፈልጉ የለም። በአጥሩ ላይ ላባ አገኙ፤ ላባው በጋሽ ደግአረገ በኩል ነው። ሄደው በሩን ቢያንኳኩ፣ ቢደበድቡ፣ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። «ተደብቆኝ ነው!» አሉ፤ በዚያው ቁጣ ትናንት ያልደረሳቸውን እህል ለማስፈጨት ወደ ወፍጮ ቤት ወረዱ።

ጋሽ ደግአረገ የነቁት ፀሐይዋ መስኮታቸው ላይ ከወጣች በኋላ ነው። እያፈሩ ተነሥተው ዶሮውን አቅፈው ወደ በሩ ሲሄዱ፣ ከወፍጮ ቤት የመጣች አንዲት ደንበኛቸው ከሱቁ ደጃፍ ተጣራች። ሻምበልን ቶሎ ሣጥኑ ውስጥ መልሰው ወጡ።

«ጋሼ፣ ከእትዬ የሺመቤት ጋር ምን ሆናችሁ?»

«ምን ሆንን?»

«ኧረ እንዲያው ምን ብዬ ልንገርዎት! ወፍጮ ቤት ሰው በሞላበት፣ ‘ደግአረገ ሌባ ነው፤ ቁራጭ ጨርቅ እየመለሰ ሲያታልለን ኖሮ ዶሮዬን ሰረቀኝ’ ብለው…»

ሴትዮዋ የቀረውን ተናግራ ይሁን አይሁን ጋሽ ደግአረገ አልሰሙም። ሌባ። ለሌላ ሰው ስድብ ነው፤ ለልብስ ሰፊ ግን ሞት ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በላስቲክ ጠቅልለው የመለሱት ቁራጭ ሁሉ በአንድ ቃል ተበትኖ የታያቸው መሰላቸው። ሴትዮዋ ስትሄድ ተመልሰው ሣጥኑን አዩት። «አሁን ይዤው ብወጣ ሰው ምን ይላል? ‘ያው፣ ሲነቃበት መለሰ’ ነው የሚለው።» ሻምበልም እንደ ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ አያቸው። ክዳኑን መለሱት።

አንዱ ቀን ሦስት ሆነ፤ ሦስቱም ሳምንት። ቁስሉን በየሁለት ቀኑ ያጥባሉ፣ ጨርቁን ይለውጣሉ፣ እንደገና ይሰፋሉ። ቀን ቀን እግሩን እንዲያፍታታ ከሣጥኑ ያወጡትና ከስፌት መኪናዋ ሥር ያንጎራድዳል። ጉሮሮውን ሊጠርግ ሲያስብ ግን ጋሽ ደግአረገ ያውቁታል፤ ዘለው መኪናዋ ላይ ይወጡና ባዶዋን ይረግጧታል። ድምፅዋ መንደሩን ያናውጠዋል። አላፊ አግዳሚው «ጋሽ ደግአረገ ሥራ በዝቶባቸዋል» ይላል። መርፌዋ ግን ጨርቅ አልነበረባትም።

በወይራ ጫፍ ሐሙስ ሐሙስ፣ በዕድሩ አዳራሽ፣ ጠበቃ አዜብ ለሕዝቡ በነፃ የሕግ ምክር ትሰጣለች። አዜብ የዚያው ከተማ ልጅ ናት፤ ተምራ ተመልሳ ነው ጠበቃ የሆነችው። ጋሽ ደግአረገ በሁለተኛው ሐሙስ ሄዱ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ሲጠብቁ የሰዉን ጥያቄ ይሰሙ ነበር።

«አከራዬ እኔ ገበያ ሄጄ ሳለ የበሩን ቁልፍ ለወጠብኝ። ይችላል?» አለ አንዱ።

«አይችልም። ሊያስወጣህ ከፈለገ በሕግ መንገድ ነው። ውልህን ይዘህ ና» አለችው አዜብ።

«አባቴ ቤቱን ለእኔ ተናዞልኛል» አለች ሌላዋ።

«በጽሑፍ ነው በቃል?»

«በቃል ነው፤ እኔ ብቻ ነበርኩ።»

«እንግዲያስ እህቴ፣ ያንን ኑዛዜ ሕጉ አይሰማውም» አለቻት፤ ግን እጇን ይዛ ነበር የነገረቻት።

ጋሽ ደግአረገ ተራቸው ደረሰ። አዜብ ስታያቸው ብድግ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

«ጋሼ! እርስዎን እዚህ ምን አመጣዎት?»

«ለራሴ አይደለም፤ ለአንድ ወዳጄ ልጠይቅ ብዬ ነው» አሉ።

አዜብ ሳቅ አለች። «በዚህ አዳራሽ የመጣው ሁሉ ወዳጁን ወክሎ ነው። ይንገሩኝ፤ የወዳጅዎን።»

ሳቋ ልባቸውን ከፈተላቸው። ወፍጮ ቤት የተባለውን ሁሉ ዘረገፉላት። «ሰው በሐሰት ሌባ ቢባል ሕግ ምን ይለዋል?» ብለው ጨረሱ።

«ስም ማጥፋት ነው፤ መክሰስ ይቻላል» አለች አዜብ፤ ተቆጥታላቸዋለች። ቀጥላ ግን ብዕሯን አስቀመጠች። «ነገር ግን ጋሼ፣ የተባለው ነገር እውነትነት ከተገኘበት ክሱ ይወድቃል። ስለዚህ ሁሉን ነገር ማወቅ አለብኝ። እርስዎ የሚነግሩኝ ከእኔ አይወጣም፤ የባለጉዳይን ምስጢር ማውጣት ሕጉም አይፈቅድልኝም። ዶሮው የት እንዳለ ያውቃሉ?»

ጋሽ ደግአረገ አፋቸውን ከፈቱ። ነገሩ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር። ነገር ግን ልጅቷ እንዲያ በክብር ዐይን እያየቻቸው፣ «ዶሮው እኔ ቤት ሣጥን ውስጥ ነው» እንዴት ይበሉ?

«እኔ በዶሮ ምን አገባኝ ብለሽ ነው፣ ልጄ?» አሉ።

«ሌላ የቀረ ነገር የለም?»

«ምን ይቀራል ብለሽ?»

በጥያቄ መመለሳቸውን አዜብ ልብ አላለችም፤ ወይም የእሳቸው ነገር ስለሆነ ልብ ማለት አልፈለገችም። ክሱን ጻፈችላቸው። ዕድሩም ስለ ታማኝነታቸው ማኅተም ያለበት የምስክር ደብዳቤ ሰጣቸው። ጋሽ ደግአረገ ደብዳቤውን ማንበብ ጀምረው ሳይጨርሱ አጥፈው አስቀመጡት። በራሳቸው ኅሊና ግን ሌባ አልነበሩም፤ ዶሮው በእግሩ የመጣ ነው፣ እሳቸው ያቆዩት ብቻ ነው። ይህን ለራሳቸው ደጋግመው ነገሩት። በነገሩት ቁጥር እንቅልፋቸው ራቀ። ሻምበል ዝም ብሎ ያድራል፤ እሳቸው ናቸው ቁጭ ብለው የሚያነጉት።

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ጋሽ ደግአረገ አንድ ነገር ድንገት ገባቸው። እሳቸው ፍርድ ቤት ሲውሉ መኪናዋን የሚረግጥ ማን ነው? ዶሮው ቀን ቀን ጉሮሮውን መጥረግ ለምዷል፤ ሣጥኑም እንደ ቀድሞው አልያዘውም፤ በጎኑ ስንጥቅ አውጥቶ አንገቱን ማሾለክ ጀምሯል። ሰፈሩ ባዶ ሲሆን አንድ ጊዜ ቢጮኽ አለቀላቸው። ወዲህ አሉ፣ ወዲያ አሉ፣ መላ ጠፋ። በመጨረሻ የሰርግ ሱፍ የሚያደርሱበትን ትልቁን ጥቁር ሻንጣ አወረዱ። ከታች ጭድ፣ ከላይ ስስ ጨርቅ አደረጉ፤ አየር እንዲያገኝ በጎኑ ቀዳዳ ተዉ። ሻንጣው ጥልቀት የለውም፤ አንገት ቀና አያስደርግም። የዕድሩን ደብዳቤ በውጭ ኪሱ ከተቱና መንገድ ጀመሩ።

ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ችሎት የሚያስከብሩት ሃምሳ አለቃ ጎሹ ናቸው። የገባውን ሰው ሁሉ ይፈትሻሉ።

«ሻንጣው ምንድን ነው፣ ጋሽ ደግአረገ?»

«ሱፍ ነው… ከዚህ ስወጣ ለሰው የማደርሰው።»

ሃምሳ አለቃ ጎሹ አልፈተሿቸውም። በዚያች ከተማ የጋሽ ደግአረገን ሻንጣ የሚፈትሽ ሰው የለም። ይህም ለብቻው ወጋቸው።

አዜብ ልብሰ ጠበቃዋን ደርባ በር ላይ ጠበቀቻቸው። «ደብዳቤውን ይዘውታል?»

«ሻንጣው ላይ ነው» አሉ። የውጭ ኪሱን ማለታቸው ነበር።

ችሎቱ ሞልቷል። የወፍጮ ቤቱ ሰው ሁሉ በምስክርነት መጥቷል፤ ያልተጠራውም ወሬ ሊሰማ መጥቷል። እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን አደግድገው በተከሳሽ ቦታ ቆመዋል። ከስተዋል። ጋሽ ደግአረገ ሲያዩዋቸው ዐይናቸውን ሰበሩ። ሻንጣውን በእግሮቻቸው መካከል አስቀመጡት።

ዳኛው ክሱን አስነበበና እትዬ የሺመቤትን ጠየቀ።

«ሌባ ብለዋቸዋል?»

«ብያለሁ፣ ጌታዬ። አንገቱን እይዛለሁ ብሎኝ ነበር። ዶሮዬ ጠፋ፤ ላባው በእሱ በኩል ተገኘ። ምን ልበለው ታዲያ?»

«ሲወስዱ አይተዋል?»

«አላየሁም።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሦስት እሑድ ኪዳን አመለጠኝ። የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነበር። ሌላ ማን አለኝ?»

ጋሽ ደግአረገ ሻንጣውን በእግራቸው ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

አዜብ ተነሣች። አምርራ ተናገረች፤ እንደዚያ ቀን ተናግራ አታውቅም ይባላል። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ደንበኛዬ በአርባ ዓመት ሙያቸው ጣት የምታክል የሰው ጨርቅ አላስቀሩም። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ቁራጩን ያልመለሱለት ሰው ካለ ይነሣ!» የተነሣ የለም። «እኚህ ሰው ናቸው ያለ አንዳች ማስረጃ ሌባ የተባሉት። ዶሮው ሲወሰድ ያየ የለም። ዶሮው እሳቸው ዘንድ የተገኘበት ጊዜ የለም። እኛ ግን ስለ ታማኝነታቸው ማስረጃ አለን።»

«ማስረጃው የታለ?» አለ ዳኛው።

«ከደንበኛዬ ሻንጣ ውስጥ ነው» አለችና ጎንበስ አለች።

«ተይው ልጄ! እኔ…» አሉ ጋሽ ደግአረገ፤ እጃቸው ግን አልደረሰም። አዜብ የሻንጣውን ዚፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳበችው።

«ማስረጃው ይኸው!»

ከሻንጣው ውስጥ ቀይ ጉትዬ ወጣ። ቀጥሎ አንገት ወጣ። ሻምበል ሳምንታት ሙሉ ያጠፈውን አንገት እስከ መጨረሻው ዘረጋው፤ በግራ አየ፣ በቀኝ አየ፣ ዳኛውን አየ፤ ከዚያም የወይራ ጫፍ ፍርድ ቤት ከተሠራ ጀምሮ ያልተሰማ ድምፅ ለቀቀው። ኩኩሉ! መስኮቱ ነዘረ። አንዴ አልበቃውም፤ ደገመው።

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ።

«ጠበቃ፣ ማስረጃዎ ይህ ነው?»

አዜብ ዚፑን እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች። «ክቡር ፍርድ ቤት፣» አለች። «ይህን ማስረጃ እኔም ገና አሁን ነው የማየው።»

«ሻምበል!» አሉ እትዬ የሺመቤት። ችሎት መሆኑን ረስተው ሮጠው ዶሮውን ብድግ አድርገው አቀፉት።

ሃምሳ አለቃ ጎሹ ከበሩ ላይ «ሻምበል ነው እንዴ ስሙ? እንግዲያ በማዕረግ ይበልጠኛል» ቢሉ፣ ያን ጊዜ ታፍኖ የቆየው ሳቅ ፈነዳ። ዳኛው ጠረጴዛ እስኪመታ ድረስ አልቆመም። እሱም የመታው ፊቱን ወደ መዝገቡ ደፍቶ ነው።

በሳቁ መካከል እትዬ የሺመቤት ብቻ አልሳቁም። የዶሮውን እግር ይዘው እያገላበጡ ነበር። ሰማያዊውን ጨርቅ አዩ። በጣታቸው ዳሰሱት። ያንን ደቃቅ ስፌት ያውቁታል፤ የልጃቸው የሰርግ ልብስ የተሰፋው በእሱ ነው።

«ይህን ማን ነው የሰፋው?» አሉ፤ ማን እንደሆነ እያወቁ።

ዳኛው ጋሽ ደግአረገን እንዲናገሩ አዘዘ። ጋሽ ደግአረገ ቆሙ፤ ራሳቸውን አላነሡም። ስለ ቁስሉ ተናገሩ፣ ስለ አረቄው፣ ስለ ሸሚዛቸው፣ በአጥሩ ላይ ስለ መጣራታቸው ተናገሩ። ስለ አንዲቷ ሌሊት እንቅልፍም ሳይደብቁ ተናገሩ። «ጠዋት ይዤው ልወጣ ስል ሌባ መባሌን ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ መመለሻው ጠፋኝ። አልሰረቅሁም፣ ጌታዬ፤ ግን ደብቄያለሁ። የተኛሁትም ያችን የመጀመሪያዋን ሌሊት ብቻ ነው።»

ዳኛው «ግማሽ ሰዓት ሰጥቻችኋለሁ። ውጡና ተነጋገሩ። እንደ ጎረቤት» አለ።

ኮሪደሩ ላይ እትዬ የሺመቤት ሻምበልን አቅፈው፣ ጋሽ ደግአረገ ባዶ ሻንጣ ይዘው ቆሙ። መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ የሺመቤት ናቸው።

«በርህን ስደበድብ ለምን አልከፈትክም?»

«ተኝቼ ነበር፣ የሺመቤት። እውነቴን ነው፤ ተኝቼ ነበር።»

እትዬ የሺመቤት ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። የዐይናቸው ሥር መጥቆሩን፣ ሸሚዛቸው ከጫፉ መቀደዱን አዩ። «አሥራ አንዱን እንጂ ሰባቱን ሰምቼው አላውቅም ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ማደሪያውን ወደ ወዲያኛው ጥግ አዞረዋለሁ። ያልኩህንም ወፍጮ ቤት ቆሜ፣ ባልኩበት አፌ አነሣዋለሁ።»

«እኔም ይቅርታ አድርጊልኝ። ኪዳንሽን አስታጎልኩብሽ።»

«ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን፤ ለሁለታችንም ይቀሰቅሰናል» አሉና ዶሮውን አስያዟቸው፤ ነጠላቸውን ለማስተካከል ነው። ሻምበልም እንደ ለመደው በጋሽ ደግአረገ ብብት ሥር ራሱን ከተተ። ያን ጊዜ ነው እትዬ የሺመቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቁት።

አዜብ ግን ራቅ ብላ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ቆማለች። ጋሽ ደግአረገ ከሁሉ ይልቅ የፈሩት ይህን ነበር። ተጠግተው ቆሙ።

«አሳፈርኩሽ፣ ልጄ።»

አዜብ ዞረች። ዐይኗ ውኃ አቅርሯል። «አምስተኛ ክፍል ሆኜ አዲስ ዩኒፎርሜን አጥር ስዘል ቀደድኩት። እናቴ እንዳታውቅ ብዬ እያለቀስኩ እርስዎ ዘንድ መጣሁ። ስፌቱ እንዳይታይ አድርገው ሰፍተው፣ እስከ ዛሬ ለሰው አልተነፈሱም። እኔ የእርስዎን ምስጢር የማልጠብቅ መሰልኩዎት?»

ጋሽ ደግአረገ ባዶውን ሻንጣ መሬት አስቀመጡት።

«ደግሞ እኮ የደበቁኝ ጥፋትዎን አይደለም፤ ደግነትዎን ነው» አለች። «ቁስለኛ አግኝተው አክመዋል። ያን ሐሙስ ቢነግሩኝ፣ ‘ተነሡ ጋሼ፣ እንሂድና እንስጣቸው’ ብዬ አብሬዎት እመጣ ነበር። ጨርቁን አሳይተን፣ ‘ይኸው፣ ያከመው ሌባ ተባለ’ ብንል እትዬ የሺመቤት ራሳቸው በዚያው ቀን ይቅርታ ይጠይቁ ነበር። ክስ የለ፣ ችሎት የለ።»

«እንዲያ ስታከብሪኝ ጊዜ፣» አሉ ጋሽ ደግአረገ፣ «ክብሬ ከዐይንሽ እንዳይወድቅ ፈራሁ።»

«አልወደቀም» አለች አዜብ፤ ጎንበስ ብላም ከኮታቸው ላይ የተጣበቀውን ላባ አነሣችላቸው። «ሁለተኛ ግን ሻንጣዎን ሳልፈትሽ ችሎት አልገባም።»

ተመልሰው ገቡ። ጋሽ ደግአረገ ክሳቸውን አነሡ፤ እትዬ የሺመቤትም በዳኛው ፊት ሌባ ያሉበትን ቃላቸውን አነሡ። ዳኛው መዝገቡ በእርቅ መዘጋቱን አስጻፈና፣ የዕድሩን ደብዳቤ ከሻንጣው የውጭ ኪስ አስወጥቶ አንብቦ፣ «ይህም ትክክል ነው» ብሎ መለሰላቸው።

ውጭ የቆመው፣ ቦታ ጠፍቶት ያልገባው ሕዝብ የዶሮ ጩኸት ሰምቶ፣ ሳቅ ሰምቶ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ በጉጉት ሊሞት ነው። ጋሽ ደግአረገና እትዬ የሺመቤት ተያይዘው፣ ዶሮውን አቅፈው ሲወጡ ሲያይ ደግሞ ጭራሽ ግራ ገባው። አንድ ጉዳዩ ለከሰዓት የተቀጠረ ሽማግሌ የሃምሳ አለቃ ጎሹን ክንድ ያዘና «ኧረ ሃምሳ አለቃ፣ ምንድን ነው የሆነው? ማን ረታ?» ብሎ ጠየቀ።

ሃምሳ አለቃ ጎሹ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ ሳቁ ነበር ያስነባቸው። «የረታም የተረታም የለም፣ ወንድሜ፤ አንተም ገና ጊዜ ሳለህ ሂድና ያለህን ሁሉ ለጠበቃህ ንገረው፦ ከጠበቃ የደበቁት ዶሮ፣ ችሎት ላይ ይጮኻል አምርሮ።»